የሞተ ሳይኖር እንድንሰበሰብ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅበራዊ ጉዳይና ለእድሮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

አመልካች፦ ወይዘሮ ጀሊላ ሰላህ
አድራሻ፦ ከሹም አቦ ወረድ ብሎ፣ «አብሮነት» እድር ቤት ያለበት ቅያስ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር

ጉዳዩ፦ የሞተ ሰው ሳይኖር በእድር ቤታችን እንድንቀመጥ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ከመሥሪያ ቤቶች አጥር ሥር ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ጉዳዬን ስነግረው «እማማ፣ ብቸኝነት የሚባል ጉዳይ የለም፤ የቦታ ወይም የውርስ ይሁንልዎትና ላሳምረው» አለኝ። ስለዚህ ራሴ ጽፌዋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ፣ ነገሬም ቢረዝም ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው ፈርቼ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ አሳጥሮ መናገር አይሆንለትም።

፩. ማንነቴ

እኔ አመልካች፣ ሐይቁ ዳር ለአሣ አጥማጆች የመረብ ክርና ገመድ ይሸጥ የነበረው የኑርሑሴን ባለቤት ነኝ። ኑርሑሴን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወደ አኼራ ከሄደ ሰንብቷል። ወንዱ ልጄ ፈሀድ አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሴቷ ልጄ ተቅዋ ወረታ አግብታ ትኖራለች። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ክፉ ቃል አይውጣኝ። ተቅዋ በስልክ «መንገዱ ረጋ ሲል እመጣለሁ እማ» ትለኛለች፤ መንገዱ ሲረጋ ግን አላየሁም። ድሮ ጠዋት ወረታ ሄጄ ለአሱር ሶላት ቤቴ እመለስ ነበር። ዛሬ ከመካ የራቀች አገር ሆናብኛለች። የሱቁ ኪራይ ይበቃኛል፤ ዘይት ይሰጠኝ፣ ስንዴ ይሰፈርልኝ አላልሁም። ሆዴ ጠግቦ ነው የምጮኸው፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

፪. ስለ ጎረቤቴ

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ ምናሴ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። በማመልከቻ ላይ «እሳቸው» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ግን በአንድ ግድግዳ ተጣብቀን «አንቺ» ስንባባል አርጅተናልና እጄ እንቢ አለኝ። በፋሲካ እኔ ዝም ብዬ እንዳልውል ብላ አንድ ዶሮ በእስላም ታሳርድልኝ ነበር። ዒዳችን በጾሟ ላይ ከዋለ እኔም የጾም ወጥ ለብቻ አበስልላት ነበር።

ጊዜው ከከፋ ወዲህ ሰፈራችን በር መዝጋት ያዘ። «ቤቶች!» ብሎ ዘው ማለት ቀረ። ሰው በቀን ታገተ ሲባል፣ በስም ጠርተው አስከፍተው ዘረፉ ሲባል፣ የተጠራ ሁሉ ዝም ማለት ለመደ። ብቻችንን የምንኖር ሴቶች ደግሞ ዘዴ አበጀን። ዘዴውን ያመጣችው ፅጌ ናት። የሟቹን የምናሴን ጫማ ከሣጥን አውጥታ በረንዳዋ ላይ አኖረችው፤ ሬዲዮዋን ሌት ተቀን ከፍታ ተወችው። በር ሲንኳኳባት «ምናሴ፣ ሰው መጥቷል መሰለኝ፣ እስቲ ተነስ» ብላ ወደ ባዶው ቤት ትጣራለች። ጫማው የተቀመጠ እንዳይመስል በየቀኑ ታዛውረዋለች፤ አንዳንዴም ጭቃ ታስነካዋለች። እኔ ስስቅባት «ሳቂ፣ ሳቂ! ሌባ የመጣብሽ ለት ታለቅሻለሽ» አለችኝ። ሳቄ ብዙም አልቆየ፤ እኔም የኑርሑሴንን ጫማ አወጣሁ።

ቀስ በቀስ ሰላምታችንን ለሬዲዮ ሰጠነው። የእሷ ሬዲዮ ከተሰማኝ ደህና አድራለች፤ የእኔ ከተሰማት ደህና አድሬያለሁ። አላፊ አግዳሚውም በአጥሩ ቀዳዳ ጫማ ያያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ «ሰው አላቸው» ብሎ ያልፋል። ሌባ ልናታልል ብለን ወዳጅ አታለልን፤ ስህተታችን ይህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኛ ግን ጠርጥረን ነው የተመነጠርነው፣ ክቡር ኃላፊ።

፫. የሆነው ነገር

ባለፈው ኅዳር መግቢያ ላይ አንዲት የሰፈራችን ባልቴት ሲቀበሩ ፅጌ ለቀብር አልመጣችም። ለቅሶ የማትቀር ሴት! አንዱ «ኮርታ ነው» አለ፤ ሌላው «ተቀይማን ነው» አለ። ከእድርተኛው መካከል የማያማት አልነበረም። ሬዲዮዋ በደንብ ይሰማ ስለነበር ታማ ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ፅጌ አንድ ልማድ ነበራት። ወደ ጋራ ግድግዳችን ትመጣና «ጀሊላ፣ የናንተም ጠፋ?» ትላለች። መጥፋቱን ታውቃለች፤ እኔም ማወቋን አውቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ትጠይቃለች። የዚያን ቀን የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ጭጭ አለ፤ የእሷም ጭጭ አለ። ድምጿን ጠበቅሁ። አልመጣም። «ፅጌ፣ የናንተም ጠፋ?» አልሁ። ደግሜ አልሁ። ግድግዳውን በጡጫዬ መታሁት። እንደዚያ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ እየጮኽሁ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ አስማማው ሰው ሰብስበው በሯን አስገነጠሉ። ወጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ ወድቃ ነበር። የመጣው ሐኪም «ሰንብታለች» አለ። ምን ያህል እንደሰነበተች አልጠየቅሁም፤ እንዲነግሩኝም አልፈልግም። የምናሴ ጫማ አቧራ ለብሶ እዚያው ባለበት ተቀምጧል። ሬሳዋን ሲያወጧት መብራቱ ተመልሶ መጣና ሬዲዮው የሳሙና ማስታወቂያ ማውራቱን ቀጠለ። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

፬. በእድር ቤቱ የጀመርነው

ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ፤ መቀመጫ ጠፋ። በቁሟ ውሃ የሚያቀብላት ያጣች ሴት ስትሞት ወንበር የሚሻማ አስተዛዛኝ አገኘች። አልቅሼም አልወጣልኝ አለ፤ ተናደድሁ። ተነሥቼ «እናንተ ሰዎች፣ እኔንም የምትመጡልኝ እንዲህ ስሆን ነው?» ብዬ በለቅሶ ቤት መካከል ጮኽሁ። ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ጋሼ አስማማው ያን ጊዜ «ተይ፣ ተቀመጪ» ብለው አስቀመጡኝ። አርባዋ በወጣ ማግስት ግን የእድር ቤቱን ቁልፍ ይዘው ደጄ መጡና «በይ ነይ ጀሊላ፣ ሳንሞት እንቀመጥበት» አሉኝ።

እድር ቤታችን ሰፊ ነው። አግዳሚ ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም ሟች እየጠበቀ አቧራ ይጠጣል። እኛ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ከፈትነው። ሕግ አላበዛንም። የመጣ ሁሉ ከቤቱ ምስሩን ወይም ሽምብራውን ይዞ ይመጣል፤ ሰፌድ ዘርግቶ አብሮ ይለቅማል። ለቀማውማ በየቤታችንም ይሆንልን ነበር። ግን «ብቻዬን ነኝና አጫውቱኝ» ብሎ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው በአገራችን የለም፤ እፍረት ይይዘዋል። ሰፌድ ከያዘ ግን ሥራ ላይ ነው፤ እጁ ሲሠራ አፉ ይፈታል። ወንዶቹ የድንኳኑን ቅዳጅ ይሰፉ ነበር። ወሬያችን ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ የቆጋ መስኖ ድንች ዘንድሮ ስለመወየቡ ነው። ከዚያ የዘለለ ወሬ እንደማይበጅ እኛም እናውቃለን።

አንድ ቅዳሜ ርሆቦት የምትባል ልጅ በር ላይ ቆመች። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ከሰፈራችን ሰርቪስ ቤት ተከራይታለች። እድራችን ተከራይ አይመዘግብምና የሚያውቃት አልነበረም። «ሳቅ ሰምቼ ነው» አለች። አስገባናት። ምስር መልቀም የሚሏት ነገር አታውቅም፤ ጠጠሩን ትታ ምስሩን ትጥላለች። እኛ ስንስቅ እሷም ስትስቅ ቆየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ቀኑን ሙሉ የማወራው ‹ተረኛ!› እያልሁ ነው፤ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ እስከ ነገ ጠዋት አፌን አልከፍትም» አለችን። እኔ ብቸኝነት የአሮጊትና የመበለት ደዌ ይመስለኝ ነበር። ፀጉሯን የተሠራች፣ ደመወዟን የምትበላ ልጅ እንዲያ ስትል ደነገጥሁ፤ ነገሩ ካሰብሁት በላይ ተስፋፍቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሲቀር ይታወቅ ጀመር። አንድ ማክሰኞ እኔ ብርድ መትቶኝ ብቀር፣ ሻሿን በአንገቷ ጣል አድርጋ መጥታ በሬን የደበደበችው ይህችው ልጅ ናት። «እማማ ጀሊላ! ሰፌድዎ ጾሙን አደረ!» አለችኝ። ወላሂ፣ ከዚያ የበለጠ መድኃኒት አልዋጥሁም።

፭. አቤቱታዬ

ጥር ሲጋመስ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጡብን። ክፉዎች አልነበሩም፤ አንደኛው ተጎንብሶ ሰላም ብሎኛል። በር ላይ ቆመው «ማን ሞተ?» አሉ። ጋሼ አስማማው «ማንም አልሞተም፣ ተመስገን» አሉ። «ታዲያ ለምን ተሰበሰባችሁ?» አሉን። ሰፌዶቻችንን ይዘን ተያየን። «ብቸኛ ስለሆንን ነው» ማለት አፍ ላይ ከባድ ነው፤ «ምስር ልንለቅም ነው» ስንል ደግሞ ለራሳችንም ውሸት ውሸት ሸተተን። «የሞተ ከሌለ ተበተኑ» ተባልን። ተበተንን።

በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ መጣሁ። መስኮት ላይ ያለው ወጣት በትሕትና አስረዳኝ፤ እድራችን የተፈቀደለት ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ሟች በሌለበት ለመሰብሰብ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ የእኛ ምክንያት ግን ከመካከላቸው የለም። «ሐይቁ ዳር አዲስ መናፈሻ ተሠርቷል እኮ እማማ፣ እዚያ ለምን አይናፈሱም?» አለኝ። ልጄ፣ መናፈሻውስ ያማረ ነው። ግን እዚያ ብቀር ቀረች የሚለኝ ማን ነው? ጣናም የመጣውን እንጂ የቀረውን አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ እድር ቤቱ ተቆልፏል። ሰዉ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ በሩን ዘጋ፤ አንዴ ተበተኑ የተባለ ሰው ለመሰብሰብ ይፈራል። ጋሼ አስማማው ይህን ማመልከቻ አልፈረሙም። «ተዪው ጀሊላ፣ ስም ይወጣልናል» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም፤ የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆች አሏቸው። እኔ ግን ፊርማዬን ብቻዬን አኑሬያለሁ፤ ብቸኝነቱንስ ለምጄው የለ?

፮. ስለ ፍርሃቴ

ይህን ክፍል ልተወው ብዬ ነበር። ግን ካልነገርሁዎት ጉዳዩ አይገባዎትም።

የአጥር በሬን ጠዋት ከፍቼ ልተወው ወይስ ልቆልፈው የሚለውን መወሰን አቅቶኛል። ከከፈትሁት ክፉ ሰው ይገባል። ከቆለፍሁት፣ ብወድቅ ማን ይገባል? ቁልፉን ይዤ እዚያው ደጃፍ እቆማለሁ። መታጠቢያ ቤት ስገባ ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ እገባለሁ። ኔትወርክ ከጠፋ ግን ስልኩ ድንጋይ ነው። ሬዲዮውን ስከፍተው ፅጌ ትዝ ትለኛለች፤ ስዘጋው ደግሞ የቤቱ ዝምታ ያስበረግገኛል። ጤነኛ ነኝ ብዬ አላታልልዎትም። በቀደም ለት በረንዳው ላይ ያለውን ጫማ አይቼ «ኑርሑሴን፣ ገባህ እንዴ?» ስል ራሴን ሰማሁት። ሌባ ልሸውድበት ያስቀመጥሁት ጫማ እኔኑ ሸወደኝ። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ።

እኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፣ ክቡር ኃላፊ። የሞተ ወዲያው ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ አፈር ይለብሳል። እናቴም ኑርሑሴንም እንዲህ ሆነው ነው የሄዱት። ሞትን አልፈራሁም፤ አላህ ባለው ቀን ይመጣል። የምፈራው ፅጌ እንደሰነበተችው መሰንበትን ነው። የምፈራው፣ ጎረቤት ከውጭ ሆኖ «ሬዲዮዋ ይሰማል፣ ደህና ናት» ሲል እኔ መሬት ላይ ተኝቼ መቅረቴን ነው። አሁን ደግሞ ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው። ቴምሩን ብቻዬን ቀምሼ፣ ከባዶ ግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ማፍጠሩን ከወዲሁ ፈርቼዋለሁ።

፯. የምጠይቀው

ሀ) ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት፣ የሞተ ሰው ባይኖርም፣ በእድር ቤታችን እንድንቀመጥ ይፈቀድልን። በዝርዝራችሁ ላይ የእኛ ምክንያት ከሌለ፣ እባክዎ ይጨመር። ለጸጥታ የሚያሰጋ ከመሰላችሁ አንድ ደንብ አስከባሪ መድቡና አብሮን ይዋል፤ ምስር መልቀም አያቅተውም።

ለ) የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ዘወትር ጠዋት በቅያሳችን እንዲዞር ይፈቀድለት። ጥሩምባውን ቤቱ ይተወው፤ አያስደንግጠን። በየበሩ «ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?» ይበል። ከውስጥ በሰው አፍ «ደህና» የሚል መልስ ካልሰማ ጎረቤት ጠርቶ ይግባ። ሬዲዮ መልስ ተደርጎ አይቆጠር። ድምፁን ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም ሌላ ሰው መስሎ ሊያስከፍተን አይችልም፤ እንደዚህ ከሆነ በሬን ያለ ፍርሃት እቆልፋለሁ።

ሐ) ተከራዮች በእድራችን እንዲመዘገቡ ደንቡ ይሻሻል። ርሆቦት ብትታመም የአከራይዋን ስልክ እንጂ የጎረቤቷን ስም አታውቅም። እንደ እሷ ያሉ በዚህ ከተማ ስንት ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንዳሉ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ይህ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ ከመሰለዎት በሌሎቹም ቅያሶች ያስጠይቁ። እድር የሌለበት ሰፈር የለም፤ አዳራሽ ሥሩልን አላልንም፤ በጀትም አልጠየቅንም። ያለው ቤት በቁማችን ይከፈትልን ነው የምንለው። ሟች የግድ ካስፈለገም ፅጌ አለችልን፤ በእሷ ስም ይፈቀድልን። በቁሟ ያልተቀመጥንላትን አሁን እየተቀመጥን እንከፍላት ነበር።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለኝ። የዚህን ማመልከቻ መልስ ይዞ የሚመጣው ሰው አረንጓዴው በር ጋ ሲደርስ፣ በቀዳዳው በረንዳዬ ላይ የወንድ ጫማ ያያል፤ ከውስጥም ሬዲዮ ይሰማል። ሰው አላት ብሎ ወረቀቱን በበሩ ሥር ሸጉጦ እንዳይሄድብኝ። ጫማው የሟች ባለቤቴ ነው። ሬዲዮውንም አይመነው። «ቤቶች!» ብሎ ይጥራኝ፤ ጉልበቴ ያመኛልና ትንሽ ይታገሠኝ። ደግሞ ከጠራኝ በኋላም ካልመለስሁለት፣ ፈቃድ አይጠብቅ፣ በሩን ገንጥሎ ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣ እየፈራሁም ቢሆን ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጀሊላ ሰላህ